ባሩድ ሲመዘን ኖር አይባልም

አዲሱ ሥራዬ መድኃኒት መቀመም ነው። ቴክሳስ፣ ጋርላንድ ውስጥ ከጎማ ቤትና ከጥፍር ቤት መሀል የተሸጎጠች ትንሽ ፋርማሲ ናት። በመጀመሪያው ሳምንት አሠልጣኜ ዱቄት እንድመዝን ሰጠችኝ። ተነስቼ ከሚዛኑ በላይ ያለውን የአየር ማቀዝቀዣ ዘጋሁ። ሚዛኑን በመፈተኛ ክብደቱ ሞከርኩ። ትንፋሼን ያዝኩ፣ መዘንኩ፣ ጻፍኩ፣ ከደንኩ። ከዚያ ተነፈስኩ።

"ይሄን የት ተማርሽ?" አለችኝ።

"ባሩድ ስመዝን።"

ሳቀች። ቀልድ መስሏታል። ስድስት ዓመት ግራንድ ፕሬሪ ውስጥ የሽጉጥ ጥይት በእጄ ስሞላ ነው የኖርኩት። ያን ሥራ ያስተማሩኝን ሰው ቀኝ እጅ ያበላሸሁትም እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ የሥራ ዘመን ትዝታ መጻፌ ሊያስቅ ይችላል፤ ይሳቅ። ሱቁ ተዘግቷል፣ ሥራው አልቋል፣ ያለቀ ነገር ደግሞ ካልጻፉት ሌላ ሰው አሳምሮ ያወራዋል። አሳምሬ አላወራም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ኮሌጅ አልገባሁም። ውጤት አልመጣልኝም ብል ውሸት ነው፤ መቀመጥ አልወድም ነበር። እናቴ "መቀመጫሽ ላይ እሾህ አለ እንዴ?" ትለኝ ነበር። በአንድ ዓመት ሦስት መጋዘን ቀያየርኩ። የመጀመሪያው አለቃዬ ሽንት ቤት ስንሄድ ሰዓቱን አይቶ ይጽፍ ነበር። ሁለተኛዋ ጥሩ ሴት ነበረች፣ ግን ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ካርቶን ላይ አንድ ዓይነት ወረቀት መለጠፍ ምኑ ይወራል? ሦስተኛው መጋዘን ሳለሁ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ከጎናችን ካለው በር ጀርባ "ጨክ፣ ጨክ" የሚል ድምፅ ይሰማኛል። አንድ ሳምንት ሰማሁት። በስምንተኛው ቀን በሩን አንኳኳሁ።

የከፈቱልኝ ጋሽ ደምሴ ናቸው። አጭር፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ስድሳን ያለፉ ሰው። አበሻ መሆኔን ሲያዩ ፊታቸው ፈታ አለ።

"ምንድን ነው እዚህ የሚሠሩት?" አልኳቸው፤ ሰላም እንኳ ሳልል።

"ጥይት እሞላለሁ።"

"ለማን?"

"ዒላማ ለሚወዳደሩ ሰዎች።"

"ከሱቅ አይገዙም?"

"ልብስስ ከሱቅ ይገዛ የለ? ታዲያ ሰው ልብስ ሰፊ ጋ ለምን ይሄዳል?" አሉኝ። "ይልቅ ግቢ፣ ሙቀት አታስገቢብኝ።"

ሃያ ዓመት የኤርፖርት ታክሲ ነድተዋል። ወረፋ ሲጠብቁ ሌላው ካርታ ሲጫወት እሳቸው ስለ ባሩድ ያነቡ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ለራሳቸው መሙላት ጀመሩ፣ ጓደኛ ለመነ፣ የጓደኛ ጓደኛ ለመነ፣ ፈቃድ አወጡ፣ ታክሲውን ሸጡ። ፈቃዱ ግድግዳው ላይ በፍሬም ነበር። ደሞዜ ከመጋዘኑ በትንሹ ያንሳል። ስለ ወረቀትና ስለ ደሞዝ ይኼው ነው።

አንዲት ጥይት አራት ነገር ናት። ቀለሁ አለ፣ የነሐሱ ቀፎ። ከቀለሁ ሥር የምትቀረቀር መለኮሻ አለች። ከላይ እርሳሱ፤ መሀል ላይ ባሩዱ። ሦስቱን በዓይን አይቶና በመለኪያ ለክቶ መጨረስ ይቻላል። ባሩድ ግን ጠባይ አለው፣ እኔን እዚያ ወንበር ላይ ስድስት ዓመት ያስቀመጠኝም ጠባዩ ነው። እናቴ እስከ ዛሬ አታምንም።

መጀመሪያ መልኩ። አንዱ እንደ ሻይ ቅጠል ስስ ነው፤ ከመስፈሪያው ሲወርድ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ አንዴ በዛ አንዴ አነሰ ይልሻል። ሌላው እንደ ጤፍ ድቡልቡል ነው፤ እንደ ውሃ ይፈሳል። ከዚያ ሽታው። ደህና ባሩድ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል። የተበላሸው ይኮመጥጣል፣ ቡናማ ብናኝ ያወጣል። ጋሽ ደምሴ አዲስ ጣሳ ሲከፍቱ አፍንጫቸውን ሳያስጠጉ በእጃቸው ወደ ራሳቸው እያራገቡ ያሸቱ ነበር። ጠርሙሱ ላይ ስም ያልተጻፈበት ባሩድ ከተገኘ፣ እንደ ወርቅ ውድ ቢሆንም፣ ሳክሲ ወዳለው ቤታቸው ወስደው ጓሮ ያለው ጎመን ሥር እንደ ማዳበሪያ ይበትኑታል። ጎመኑ አረንጓዴ ብቻ አልነበረም፣ ጥቁር ነበር ማለት ይቻላል።

ጠረጴዛው ላይ ከአንድ ባሩድ በላይ አይቀመጥም። ስልክ አይገባም። ሲመዘን ማቀዝቀዣው ይጠፋል። የቴክሳስ ነሐሴ ነው የማወራው፤ ላባችን በአገጫችን እየወረደ ትንፋሽ ይዘን እንመዝናለን። "ሚዛን ነፋስ አይወድም፣ ሐሜትም አይወድም" ይሉኝ ነበር፤ አፌ ስለማያርፍ።

የሚሞላውን መጠን ከአምራቾቹ መጽሐፍ እንጂ ከሰው አፍ አይወስዱም። ከታችኛው ይጀምራሉ፣ በትንሽ በትንሹ ይወጣሉ፣ ደህና ሲሆን ያቆማሉ፤ ጣሪያውን መንካት የሚባል ነገር አልነበረም። ከዚያ ሙከራው ይጀምራል፤ የምወደው ክፍል። ከአፈሙዙ ፊት ነጭ ካርቶን አንጥፈን እንተኩሳለን፣ ሳይቃጠል የተረፈውን ፍሬ በአጉሊ መነጽር እንቆጥራለን። ፍጥነት መለኪያ ማሽን አለን፤ አሥር ጥይት ተተኩሶ በፈጣኑና በቀርፋፋው መካከል ያለው ልዩነት ይታያል። ልዩነቱ ሲጠብ ደስታዬን አትጠይቁኝ። ሽጉጡን ወደ ሰማይ ቀና አድርገን ቀስ ብለን አውርደን እንተኩሳለን፤ ባሩዱ ወደ ኋላ እንዲከማች። ከዚያ ወደ መሬት ዘቅዝቀን ቀና አድርገን እንተኩሳለን፤ ወደ ፊት እንዲከማች። አንዳንዱ ባሩድ የት እንደተኛ ግድ የለውም። አንዳንዱ በጣም ግድ አለው። ግማሹን በረዶ ሳጥን ውስጥ፣ ግማሹን ፀሐይ ላይ ፓርክ ባደረግነው መኪና ውስጥ አቆይተን አወዳድረናል። ለምን ይሄኛው በሙቀት ይፈጥናል፣ ያኛውስ ለምን ይሰንፋል? ጋሽ ደምሴ "አላውቅም፣ እንየው" ይላሉ። ከአለቃ አፍ "አላውቅም" የሚል ቃል ስሰማ እሳቸው የመጀመሪያዬ ናቸው።

የተጣላነው በአንድ ባሩድ ነው። አዲስ የመጣ፣ ጥቁር፣ ደቃቅ፣ ቶሎ የሚነድ። ከፍተኛና ዝቅተኛ ፍጥነቱ እንዲህ ተቀራርቦ አይቼ አላውቅም፣ ካርቶኑም ንጹሕ ሆኖ ቀረ።

"ይሄ ነው!" አልኳቸው።

ቀለሁን አንስተው በእጅ ባትሪ ወደ ውስጥ አዩ። "ስንት ያህሉን ሞላው?"

"ሲሶ አይሆንም። ትንሽ ይበቃዋል፣ ጥሩ አይደል?"

"የኔ ባሩድ ከግማሽ በላይ ይሞላል" አሉኝ፤ የድሮውን፣ ሻይ ቅጠል የሚመስለውን ማለታቸው ነው። "ተሳስተሽ ሁለቴ ብትሞዪው ገንፍሎ ጠረጴዛ ላይ ይፈሳል። ራሱ ይጮህብሻል። ይሄኛው ሁለቴ ቢገባ ዝም ይላል።"

"ሁለቴ ማን ይሞላዋል? ሕፃን ነኝ እንዴ?"

"ሰው ነሽ።"

"ማለቴ፣ ቁጥሩን አይተውታል ጋሽ ደምሴ?"

አይተውታል። እሳቸውም ቁጥር ይወዳሉ፣ ድካማቸው እሱ ነበር። ቁጥሩን እንደገና አንብበው "አንድ ጣውላ ሙዪ፤ ቅዳሜ እኔ እሞክረዋለሁ" አሉ። አዲስ ነገር ከሳቸው በፊት ማንም አይተኩሰውም፤ ደንበኛም፣ እኔም። ይሄ ልማዳቸው ነው ያን ቀን የደረሰባቸውን ያደረሰባቸው።

ጣውላ የምንለው ሃምሳ ቀዳዳ ያለው እንጨት ነው፣ ሃምሳ ቀለህ ይቆምበታል። ባሩዱን በትንሽ ኩባያ ለይቼ፣ የኩባያውን ክብደት ሳልጀምር በፊት ፕላስተር ላይ ጻፍኩ። ሲያልቅ እንደገና ይመዘናል፤ የጎደለው ከሃምሳ ሙሌት ጋር መግጠም አለበት። ይሄም የሳቸው ልማድ ነው። አንድ መዘንኩ፣ ጨመርኩ። ሌላ መዘንኩ፣ ጨመርኩ። ሦስተኛው ረድፍ መሀል ላይ፣ የሚዛኑን ሳህን ቀለህ ውስጥ ገልብጬ ሳነሳ በሩ ተከፈተ።

እማማ ዘውዴ ናቸው፤ የጋሽ ደምሴ ታላቅ እህት። ከአዲስ አበባ ለጥየቃ ከመጡ ሁለት ሳምንታቸው ነው፣ ሱቁን አይተውት አያውቁም። ነጠላ፣ ከዘራ፣ ከኋላቸው ምሳ የያዙት ጋሽ ደምሴ። እኔ ምን አደረግኩ? ያሳደገችኝ እናት ያስተማረችኝን አደረግኩ። ብድግ አልኩ።

"ኖር!"

"በእግዜር ልጄ፣ በእግዜር፣ ተቀመጪ።"

ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል አነሱኝ፤ በአራት በኩል ተሳሳምን። እናቴ ማን እንደሆነች፣ የማን ልጅ እንደሆነች፣ የት ሰፈር እንደነበረች ተጠየቅኩ። ወንበር ሰጠኋቸው። ልቀመጥ ስል ደግሞ ጀርባዬ ለሳቸው ሆነ። ለትልቅ ሰው ጀርባ ሰጥቶ መቀመጥ ደግሞ እንዴት ይሆናል? ሶ፣ ወንበሬን አዞርኩ፣ ጣውላውንም ከኔ ጋር አዞርኩት። ማቀዝቀዣውን ጋሽ ደምሴ ከፈቱት፣ እህታቸው በሙቀት እንዳይወድቁ።

እማማ ዘውዴ ስለ አውሮፕላኑ እያወሩኝ፣ እኔ "ውይ፣ እውነትዎን ነው?" እያልኩ፣ የመጀመሪያዋ ባዶ መስላ የታየችኝን ቀለህ ሞላሁ። ቀጠልኩ። ሃምሳው አለቀ። በባትሪ አየሁት፤ ጥቁር ባሩድ ጠባብ ቀለህ ሥር፣ ሁሉም ጥቁር ነው። "ምሳው ቀዘቀዘ" ብለው ጋሽ ደምሴ ሲጠሩኝ እርሳሶቹን ጭኜ ጨርሼ ነበር። ኩባያውን ሳልመዝን ከድኜ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ከከተማ ወጣ ብሎ ካለ የተኩስ መለማመጃ ሄድን። ጋሽ ደምሴ ይተኩሳሉ፣ እኔ ቁጥር እጽፋለሁ። ቁጥሮቹ እንደ መንታ ልጆች ነበሩ። "አየሽ?" ይሉኛል፤ "አየሁ፣ አላልኩዎትም?" እላለሁ። አሥራ ሰባተኛዋ የብረት በር ሲወረወር የሚሰማውን ድምፅ አወጣች። የሽጉጡ ካዝና ወደ መሬት ተተፋ። እጀታው ለሁለት ተሰነጠቀ። መነጽራቸው ላይ ጥቀርሻ። ቀኝ እጃቸው ግን አልወረደም፤ እንደተዘረጋ ደም ይንጠባጠብ ነበር።

"ተኩስ ይቁም!" ብለው በግራ እጃቸው ለጎረቤት ምልክት ሰጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ "ቁጥሩን ጻፍሽው?" አሉኝ።

መጻፍ አልቻልኩም። ፎጣ አስሬ፣ መኪና ውስጥ አስገብቼ ወደ ሆስፒታል ነዳሁ። መዳፋቸው ተሰፋ። አውራ ጣታቸው ይታጠፍ አይታጠፍ ያን ቀን የሚያውቅ አልነበረም። ለሚስታቸውም፣ ለእማማ ዘውዴም፣ ለደንበኞቹም ጋሽ ደምሴ አንድ ነገር ነው የተናገሩት፤ "ሽጉጡ አርጅቶ ነው።"

ከሆስፒታል ወደ ሱቅ ሄድኩ። ኩባያውን ማንም አልነካውም። ማቀዝቀዣውን ዘጋሁ፣ ኩባያውን መዘንኩ፣ ፕላስተሩ ላይ ካለው ቀነስኩ፣ ለአንድ ሙሌት አካፈልኩ። ሃምሳ አንድ። ፍርፋሪ ሊባክን ይችላል፤ የአንድ ሙሉ ሙሌት ያህል አይባክንም። ሦስት ጊዜ መዘንኩ። የቀሩትን ሠላሳ ሦስት ጥይቶች በፕላስቲኩ መዶሻ አንድ በአንድ እየመታሁ ፈታኋቸው፤ ሁሉም ልክ ነበሩ። አንድ ስህተት ብቻ ነበር የነበረው፣ እሱም አውራ ጣታቸው ላይ አረፈ።

አራት ቀን ዝም አልኩ። ይሄን አሳምሬ አላልፈውም። ያየችውን ሁሉ የምትናገረው ልጅ፣ አለቃን "ሰዓትህን ዋጠው" ያለች ልጅ፣ አራት ቀን "ሽጉጡ ነው" ሲባል እየሰማች ራሷን ነቀነቀች። ሥራውን እንዳላጣ ፈራሁ። ከሥራውም በላይ "አላውቅም፣ እንየው" የሚለኝ ሰው እንዳላጣ ፈራሁ።

ረቡዕ ሳክሲ ሄድኩ። ጋሽ ደምሴ ሶፋ ላይ እጃቸው በትራስ ተደግፎ፣ እማማ ዘውዴ አጠገባቸው። ሰላም ማለቴ እንኳ ትዝ አይለኝም።

"ጋሽ ደምሴ፣ ሽጉጡ አይደለም። እኔ ነኝ። ሁለቴ ሞልቼዋለሁ።"

"አውቃለሁ" አሉ።

"እንዴት ያውቃሉ?"

"አንቺ ባታዪው እኔ ማሽኑን አይቼዋለሁ። ሽጉጥ ሲያረጅ ጥይት አያፈጥንም።"

"ታዲያ ለምን ሽጉጡ ነው አሉ?"

"አንቺ እስክትመጪ።" በደህናው እጃቸው ወንበር አሳዩኝ። "አራት ቀን ፈጀብሽ። ትንሽ በዛ። አሁን የማላውቀውን ንገሪኝ፤ እንዴት ሆነ?"

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ኖር ማለቴን፣ ወንበሩን፣ ጣውላውን ማዞሬን፣ የአውሮፕላኑን ወሬ። እየሰሙ ጣውላውን በአየር ላይ በግራ እጃቸው አዞሩት፣ መልሰው አዞሩት። "ረድፉ መሀል ላይ ነው የተነሳሽው? ሳህኑን ከገለበጥሽ በኋላ?" ስቃዩን ረስተውት ነበር፤ ፊታቸው ካርቶን ላይ ፍሬ ሲቆጥሩ የነበረው ፊት ነው።

እማማ ዘውዴ ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። "በኔ ነው በሉኛ!"

"አይ እትዬ" አሉ ጋሽ ደምሴ። "ባትነሳልሽ ኖሮ እኔ ነበርኩ የምቆጣት። ምን ዓይነት ልጅ ናት እል ነበር።"

"እና ምን ይሁን? እኔ ስገባ እንደ ሌባ ልግባ?"

"መነሳቷ አይደለም፤ መሀል ላይ መነሳቷ ነው።"

"መሀሉን እኔ በምን ልወቀው?" አሉ እማማ ዘውዴ። በማግስቱ ከርካሽ ዕቃ መደብር ቀይ የሱፍ ኮፍያ ገዝተው አመጡልኝ፤ ጫፉ ላይ ኳስ ያለው፣ የበረዶ ጊዜ ኮፍያ። "ይሄ ጭንቅላቷ ላይ ካለ ልጅቷ የለችም። የሌለ ሰው አይነሳልኝም፣ እኔም አልቀየምም።"

ሱቁ በር ላይ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተለጠፈ፤ ቀይ ኮፍያ ላደረገ ሰው ሰላምታ የለም። በነሐሴ፣ ማቀዝቀዣ በጠፋበት፣ የሱፍ ኮፍያ አድርጋችሁ ሞክሩት። ደንበኞች ሳቁብኝ። ኮፍያውን ያደረግኩ ቀን ግን ማንም መሀል ላይ አቋርጦኝ አያውቅም። ሌላም ጨመርን፤ ባዶ ቀለህ ጣውላው ላይ በአፉ ይደፋል፣ ቀና የሚለው ሲሞላ ብቻ ነው። ያ ጥቁር ባሩድ ወደ ጎመኑ ሄደ፣ ጣሳው በሙሉ። እኔ ነኝ የበተንኩት። ከዚያ ለሁለት ወር ሌላ ሌላውን ስንሞክር ቆይተን፣ ቀለሁን ከግማሽ በላይ የሚሞላ፣ ቁጥሩም ደህና የሆነ አንድ አገኘን። እንደዚያኛው መንታ አይወልድም። ሁለቴ ሲሞላ ግን ይገነፍላል፤ ሆን ብዬ ሞልቼ አይቼዋለሁ። ጋሽ ደምሴ ሲፈስ አይተው እንደ ልጅ ሳቁ።

አውራ ጣታቸው አልታጠፈም። መለኮሻዋ ስትቀረቀር በጣት የሚታወቅ ስሜት አለ፤ እሱን አጡት። ሁለት ዓመት እኔ ሞላሁ፣ እሳቸው ከጎኔ ተቀምጠው "አላውቅም፣ እንየው" አሉ። የሱቁ ኪራይ ውል ሲያልቅ አላሳደሱም። "በሰው እጅ መሥራት ደከመኝ" አሉኝ። ያ ሰው እኔ ነበርኩ፤ ቃሉ እስከ ዛሬ ይወጋኛል፣ ሊወጉኝ ብለው እንዳልተናገሩት ባውቅም።

ፋርማሲው ውስጥ የምመዝንበት ክፍል በመስታወት የተከለለ ነው፤ ከመድኃኒት መቀበያው መስኮት ሰው ያየኛል። ቀይ ኮፍያ አይፈቀድም፣ ሁላችንም የፀጉር መሸፈኛ ነው የምናደርገው። ያለፈው ማክሰኞ ሳህኑ ላይ ዱቄት ጨምሬ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ እየጠበቅኩ ቀና ስል ጋሽ ደምሴ መስኮቱ ላይ ቆመዋል። ለእጃቸው የሚቀባ ማዘዣ ይዘው። ካየኋቸው ስምንት ወር ሆኖኛል፣ ከስተዋል።

እግሬ ሊነሳ ፈለገ። የእውነት፣ ጉልበቴ ላይ ተሰማኝ። ዓይኔን ወደ ሚዛኑ መለስኩ።

አላንኳኩም። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ከኋላቸው የነበረችውን ሴት "ቅደሚ" ብለው፣ ቆመው ጠበቁ። ቁጥሩ ረጋ። ጻፍኩ። ከደንኩ። ዱቄቱን የወሰድኩበትን ዕቃ እንደገና መዘንኩ፣ ቀነስኩ፣ ገጠመ። ተነፈስኩ። ያኔ ብድግ ብዬ በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

"ኖር፣ ጋሽ ደምሴ!"

"በእግዜር" አሉ። ጉንጬን ሊስሙ ሳይጠጉ፣ ያ የማይታጠፍ አውራ ጣታቸውን ወደ መስታወቱ ቀስረው፣ "ስንት አመጣ?" አሉኝ።

"ልኩን።"

"እንግዲያው ሳሚኝ።"